ደፉን ያልረገጠው ሰው

ሜዥድሩቫ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 2006

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ ለዳግኒያ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ስለሚነግረኝ ከሬዲዮ አስበልጠዋለሁ። ያሰብሽው ይሳካልሽ፣ የአየርላንድ ንፋስ አይምታሽ።

ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ምድጃው አናት ላይ በክር የሰቀልነው እንጉዳይ ደርቆ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ግማሹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። የዳቦ ቤት ጓደኞችሽ መርዝ ነው ብለው ከፈሩ ለብቻሽ ብዪው።

ከተማው እስካሁን የሚያወራው ያንቺን መጥፋት ነው። የፖስታ ቤቷ ሄርታ «አየርላንድ ድረስ ሄዳ መንገድ ያልጠፋት ልጅ፣ ከአክስቷ ጓሮ ጠፋች አሉ» እያለች ለመጣው ሁሉ ትናገራለች። ድምፁን ተከትለሽ ከጫካው እንድትወጪ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጓሮ የተሰቀለውን የሐዲድ ብረት ቁራጭ በመዶሻ ስደበድብ ክንዴ ሊገነጠል ነበር። አንቺ ደግሞ «ድምፁ ከአራቱም አቅጣጫ መጣብኝ» አልሽኝ። ጫካ ውስጥ እንደዚያ ነው፤ ድምፅ ከዛፍ ዛፍ ይላጋል። በስድሳ ስድስት ዓመቴ እኔም አንዳንዴ ይምታታብኛል። በይ ለሄርታ አትንገሪያት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እዚያ የሱፍ ሹራብ ጥሩ ነው ብለሽኝ ነበር። ጥቁር ሰማያዊ፣ ትልቅ፣ የወንድ የሆነ አንድ ብትልኪልኝ። ለአትክልቴ ወፍ ማስፈራሪያ ነው።

አክስትሽ ዜልማ


ኮርክ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 2006

ለውዷ አክስቴ ለዜልማ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። እንጉዳዩ ደርሷል፤ ፖስታውን ስከፍተው ክፍሌ በሙሉ ያንቺን ኩሽና ሸተተ። በድንች ሠራሁት። ጓደኞቼ በእርግጥም ፈሩ፤ ድስቱን ብቻዬን ጨረስኩት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በኦክቶበር የምታስፈራሪው የትኛውን ወፍ ነው? ወፎቹ እንደ እኔ አገር ለቀው ሄደዋል እኮ። ሹራቡን እገዛለሁ፤ ግን የማስፈራሪያሽን ልክ ንገሪኝ። ቀጭን ነው ወይስ ሆዳም? አንገቱስ ይወፍራል?

ሌላም አለ። በርሽ ላይ የጭቃ ቦት ጫማ አይቼ ገልብጬ ሶሉን አነበብኩት። አርባ አምስት ቁጥር ነው። ያንቺ እግር ሠላሳ ሰባት መሆኑን አውቃለሁ። ፍልጡንም አይቻለሁ፤ እንደ ግንብ የተደረደረ ነው። አንቺ ስትደረድሪ አንድ ቀን አያድርም፣ ይናዳል።

ስጠፋ ያየሁትንም እስካሁን አልነገርኩሽም። ረግረጉ ዳር ደርሼ ማልቀስ ስጀምር ዛፍ ላይ የታሰረ ነጭ ጨርቅ አየሁ። ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ዘጠኝ ነበሩ፤ እነሱን ተከትዬ ነው የወጣሁት። ከትራስ ልብስ የተቀደዱ ናቸው፣ የአንዱ ጫፍ ላይ ጥልፍ ነበረበት። ማን ነው ያሰራቸው? ላመሰግነው እፈልጋለሁ።

በፌብሩዋሪ እረፍት ይሰጡኛል፣ እመጣለሁ። ያኔ ዱካዬ በረዶው ላይ ስለሚታይ አልጠፋም።

ያንቺው ዳግኒያ


ሜዥድሩቫ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 2006

ለምወድሽ ለዳግኒያ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ጎመን ስቆርጥና በበርሜል ስጠቀጥቅ ወሩ አለቀ። ቅዳሜ የመጀመሪያው በረዶ ወረደ። ጥዶቹ ሸክም እንዳለበት ሰው ትከሻቸውን ጥለው ቆመዋል። ከተማው ጸጥ ብሏል፤ ከእንጨት መሰንጠቂያው በቀር ድምፅ የለም።

ሹራቡ ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ። ልክክ አለለት። ማስፈራሪያውን ማለቴ ነው።

ቦት ጫማው የአባትሽ ነበር። ፍልጡን የደረደረልኝ ጎረቤት ነው። ጨርቁን ደግሞ እኔ ምን አውቃለሁ፣ በእንጉዳይ ወቅት ጫካው ውስጥ ስንት ሰው ያልፋል።

ሹራብ ካስቸገርኩሽ በኋላ ማፈሬ አልቀረም፤ ግን አንድ ፔርሙስ ብታመጪልኝ። ትልቅ፣ ሁለት ሊትር የሚይዝ፣ ሻዩን ውጭ ብርድ ላይ የማያቀዘቅዝ። ለእኔ ነው፤ በረዶ ስጠርግ ይጠቅመኛል። ስትመጪ ቀኑን በደንብ አድርገሽ ጻፊልኝ፣ ድንገት እንዳትደርሺብኝ።

ገናሽ የተባረከ ይሁን።

አክስትሽ ዜልማ


ኮርክ፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2007

ለአክስቴ ለዜልማ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። በሰላም ደርሻለሁ።

«ከሥራ ቦታ ተጠራሁ» ብዬሽ ሁለት ቀን አስቀድሜ የሄድኩት ውሸት ነው፤ የጠራኝ የለም። ፊትሽ ቆሜ መናገር ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

የአባቴ እግር አርባ አንድ ነበር አክስቴ። ሲቀበር ጫማውን የገዛሁት እኔ ነኝ።

ካልኩሽ ቀን አንድ ቀን ቀድሜ መጣሁ፣ ላስደስትሽ ብዬ። ብርዱ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ነበር፤ የአፍንጫዬ ውስጥ ሳይቀር ደርቋል። በጓሮ በኩል ስዞር ከኩሽናው መስኮት ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ በረዶ ውስጥ ተቀምጧል። የለበሰው እኔ የላክሁትን ሹራብ ነው። ፔርሙሱን ቀድሜ በፖስታ መላኬ ቆጨኝ፤ ጉልበቱ መሃል አስቀምጦታል። መስኮቱ ገርበብ ብሏል፣ አንቺ ከውስጥ ዳቦና ሥጋ ታቀብይዋለሽ።

«ጨው በዝቶበታል» አለሽ።

«ታዲያ አትብላው!»

«አልበላም መቼ ወጣኝ?»

እና ሳቅሽ። እንደዚያ ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም።

ከዚያ ፊቱን ሲያዞር አወቅሁት። ኦቶማርስ ስኩያ፣ የጫካ ጠባቂው! ተነስቶ ኮፍያውን አወለቀና «እንኳን ደህና መጣሽ፣ የቪስቫልዲስ ልጅ» አለኝ። ፊቴን አዞርኩበት።

አክስቴ፣ ያ ሰው ነው የአባቴን ጠመንጃ የነጠቀው። አባቴ ያለ ፈቃድ አጋዘን ገደለ ብሎ የከሰሰው፣ በከተማው ስብሰባ ፊት ያቆመው እሱ ነው። በዚያው ዓመት አባቴ ኩርፍ ብሎ ቀረ፣ እናቴ እኔን ይዛ ዋና ከተማው ሪጋ ገባች። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ቤታችን የፈረሰው በእሱ ነው። አንቺ ደግሞ በእኔ ሹራብ ታሞቂዋለሽ።

ሌላ የምለው የለኝም።

ዳግኒያ


ሜዥድሩቫ፣ ማርች 11 ቀን 2007

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ብትቆጪም ጤናሽን እጠይቃለሁ።

ዋሽቼሻለሁ። ቦት ጫማው የእሱ ነው፤ ፍልጡን የሚደረድረው እሱ ነው። ነጩን ጨርቅ ያሰረውም እሱ ነው፤ ሐዲዱን ስደበድብ ሰምቶ ከወንዙ ማዶ መጣ፣ የራሱን ትራስ ልብስ ቀደደ። ጥልፉ የእናቱ ነው። «ስሜን ከሰማች ወደ ጫካው ትመለሳለች» ብሎ ዛፍ ኋላ ቆሞ እስክትወጪ ጠበቀ። ከዚያ በጓሮ በር ሄደ።

አባትሽ ሆስፒታል ተኝቶ በመጨረሻው ቀን እጄን ይዞ አስማለኝ። «ያ ሰው የቤቴን ደፍ እንዳይረግጥ» አለኝ። ማልኩለት። መሐላዬን አላፈረስኩም። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ኦቶማርስ ይመጣል፤ በሦስት ዓመት ተኩል ግን አንድም ቀን ወደ ውስጥ አልገባም። በዝናብ ጃንጥላ ይዞ ይቀመጣል፣ በበረዶ የበግ ቆዳ ያነጥፋል። ባለፈው ጃንዋሪ ሲያስለው «ግባ እንጂ፣ ማን ያያል?» ብዬው ነበር። «አንቺ ታያለሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልደገምኩትም።

ሰዎች ይስቁብናል። ሄርታ «ዜልማ እጮኛዋን እንደ አበባ ማሰሮ ከመስኮት ሥር አስቀምጣዋለች» ትላለች። ይሳቁ። እኔ ማታ ስተኛ ደስ ብሎኝ እተኛለሁ።

በዚህ ደብዳቤ የምለምንሽ ዕቃ የለም። መልስ ብቻ ስጪኝ።

ዜልማ


ሜዥድሩቫ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 2007

ለዳግኒያዬ፣

መልስሽን መጠበቅ ከጀመርኩ ስድስት ሳምንት ሆነ። ሄርታ ከሩቅ ስታየኝ ገና ራሷን ትነቀንቃለች፤ እንደ በፊቱም አትቀልድብኝም።

በረዶው ሄዷል። ረግረጉ ሞልቶ መንገዱን ቆርጦታል፣ ሽመላዎቹ ተመልሰዋል። የበርች ዛፎቹን ግንድ በስተን የሚጠጣውን ውሃቸውን እየቀዳን ነው፤ ዘንድሮ ከሌላው ጊዜ ይጣፍጣል። አንቺ ልጅ ሳለሽ ከባልዲው በቀጥታ ትጠጪና አገጭሽ ይንጠባጠብ ነበር። አሁን ይህን የምጽፈው ዋናውን ነገር ላለመጻፍ እንደሆነ ይገባኛል። ስለዚህ ልጻፈው።

አባትሽን ያስከሰስኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ከጓደኞቹ ከነሩዶልፍስ ጋር ሲጠጣ አርፍዶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ፣ አንቺን ይዞሽ ጫካ ገባ። ማታ ተመልሳችሁ ጸጉርሽን ሳበጥርልሽ ማበጠሪያው ላይ የጥድ ቅርፊት ስብርባሪ ወጣ። ብዙ ነበር። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩሽ። «አባዬ ተደናቀፈና ጠመንጃው ጮኸ፤ ዛፉ ከራሴ በላይ ተበተነ» አልሽኝ። ከዚያ «ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል» ብለሽ አፍሽን ያዝሽ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ወንዙን ተሻግሬ ወደ አዲሱ ጫካ ጠባቂ ሄድኩ። ያን ጊዜ ከመጣ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፣ በሰላምታ ብቻ ነው የምንተዋወቀው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰላምታው ይረዝም ነበር። «የወንድሜን ጠመንጃ ውሰድበት። ልጅቷን ሳይገድላት ውሰድበት» አልኩት። ስለ አጋዘኑም የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ለመውሰድ ምክንያት ያስፈልገው ነበር።

ስብሰባው ላይ አባትሽ «ማነው የነገረብኝ? ስሙን ጥራ!» እያለ ጮኸ። ኦቶማርስ «ማንም አልነገረኝም፣ እኔው አየሁ» አለ። በዚያ ዘመን ሰው የነገረበትን አይምርም፤ ስሜ ቢወጣ አባትሽ ከቤት ያወጣኝ ነበር። ኦቶማርስ ይህን ያውቃል። ከዚያ በኋላ በከተማው መሃል ሲያልፍ ግማሹ ሰው ፊቱን አዞረበት፤ እኔም ከወንድሜ ጋር እየሄድኩ አብሬ አዞርኩበት። ሃያ ዓመት። አንድ ቀን እንኳን አልወቀሰኝም።

አባትሽ ሲያስምለኝም ልነግረው ይገባ ነበር። ፈራሁ። እየሞተም ፈራሁት።

እናትሽ በእኔ ምክንያት ሄደች ካልሽ አልከራከርሽም። ነገር ግን ያ ማበጠሪያ ዛሬም እጄ ላይ ቢሆን ወንዙን እሻገራለሁ።

ዜልማ


ኮርክ፣ ሜይ 27 ቀን 2007

ለምወድሽ አክስቴ፣

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ያዘገየሁት ስለተቆጣሁ አይደለም። መጀመሪያ ላይ አዎ። ኤፕሪል የጻፍሽው ሲደርሰኝ ግን ቁጣው የት እንደገባ ጠፋኝ፤ የምጽፈው ነገር አጥቼ ነው።

ዛፉን አስታውሰዋለሁ። ጆሮዬ ለሁለት ቀን ይጮህ ነበር። አባቴ ተንበርክኮ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ «አለሽ? አለሽ?» ይለኝ ነበር፤ እሱም ያለቅሳል። ከዚያ «ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ። ለአንቺ ነገርኩሽ። በሳምንቱ ጠመንጃውን ወሰዱበት።

አክስቴ፣ ያስከሰስኩት እኔ ነኝ ብዬ ነው ያደግሁት። በእኔ አፍ ነው ቤታችን የፈረሰው እያልኩ። ለዚህ ነው ያን ሰው ያን ያህል የጠላሁት። እሱን ስጠላ እኔ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። በሠላሳ አራት ዓመቴ ይህንን ወረቀት ላይ ጽፌ ማየቴ ራሱ ይገርመኛል። ዛሬ ንጋት ላይ ሊጥ እየዳመጥኩ በሳቅና በለቅሶ መሃል ስሆን አለቃዬ አየኝና «ቂጣው ውስጥ ጨው በእንባሽ ነው የምትጨምሪው?» አለኝ።

ጠመንጃውን ባይወስዱበት ኖሮ ይህንን የሚጽፍልሽ ሰው ላይኖር ይችል ነበር።

በጁላይ ዘመድ ሁሉ ሙታኑ ጋ ለሚሰበሰብበት ለመቃብር ቀን እመጣለሁ። ከቀብሩ ወዲህ አባቴ ጋ ሄጄ አላውቅም፤ በመኸርም መጥቼ ሰበብ እየፈጠርኩ ቀረሁ። አብረን እንሄዳለን። ኦቶማርስንም ንገሪያቸው። ይምጡ።

ሹራቡ ሳይሳሳ አልቀረም። ሌላ ገዝቻለሁ።

ያንቺው ዳግኒያ


ኮርክ፣ ጁላይ 29 ቀን 2007

ለውድ አክስቴ፣

እንደምን አለሽ? እኔ በሰላም ገብቻለሁ። እግሬ ላይ አሁንም የትንኝ ንክሻ አለ፣ ከንፈሬም በጫካ ፍሬ እንደቀለመ ነው፤ ጓደኞቼ የታመምኩ መስሏቸዋል።

በመቃብር ቀን ያንቺ ቦታ መቃብሩ አጠገብ ስለነበረ፣ መግቢያው በር ላይ የሆነውን አላየሽም። አንቺ ከካህኑና ከዘመዱ ሁሉ ጋር መቃብሩን ከበሽ ስትዘምሪ እኔ ወደ መግቢያው ተመለስኩ። እሳቸው ከአጥሩ ውጭ ጥድ ተደግፈው ቆመዋል። ባርኔጣቸው በእጃቸው ነው፣ ሙቀቱ ደግሞ እንደ ምድጃ። አዲሱን ሹራብ ለብሰዋል።

«በዚህ ፀሐይ?» አልኳቸው።

«አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ፣ ምን ላድርግ?» አሉኝ።

«ለምን አይገቡም?»

«እዚያ ያለው ሰው አልጠራኝም።»

እኔም አጠገባቸው ጥዱን ተደገፍኩ። ከዚያ እንዲህ አልኳቸው፦ «ያን ጊዜ እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ አክስቴ ትጠላዎት ነበር?»

«አትጠላኝም ነበር። ግን ጠዋት ጠዋት ድልድዩ ላይ ሳያት አንገቷን ደፍታ ትሄድ ነበር። ቀና ብላ እየሄደች ባታየኝ ይሻለኝ ነበር።»

ክንዳቸውን ያዝኩና ይዣቸው ገባሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያይ መዝሙሩ ለአፍታ እንደተቋረጠ ሰምተሻል። የቀረውን ታውቂዋለሽ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የመቃብሩን አሸዋ በባለ ጥርሱ መቧጠጫ እያስተካከልሽ «ቪስቫልዲስ፣ የነገርኩብህ እኔ ነኝ» ስትዪ እኔ ያየሁት ፊትሽን ብቻ ነው። ሄርታ አፏን ከፍታ ቀረች። ከተወለደች የሚነገር ወሬ አጥሯት የማታውቅ ሴት ቃል ጠፋት።

አውቶቡስ ልሳፈር ስል የጠየቅሽኝን ጥያቄ በጥድፊያ ስለመለስኩት አሁን በጽሑፍ ይኑርሽ። ለአባቴ የገባሽውን ቃል እኔ አልፈታውም፤ የገባሽው ለእሱ ነው። ቤቱ ግን የእሱ ብቻ አይደለም፣ የእኔም ነው። በእኔ በኩል በሩ ክፍት ነው።

ዳግኒያ


ሜዥድሩቫ፣ ኦገስት 12 ቀን 2007

ለዳግኒያዬ፣

ጤናሽን እየተመኘሁ፣ ያደረግሽልንን ፈጣሪ በእጥፍ ይክፈልሽ እያልኩ እጽፍልሻለሁ። ዘንድሮ ሰማያዊው ፍሬ ከመብዛቱ የተነሳ ድብ እንኳን ጠግቦ ይተወዋል። አሥራ አንድ ማሰሮ ማርማላታ አፍልቻለሁ።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ፣ አራት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ቅዳሜ ዕለት ኦቶማርስ እንደ ልማዱ መጥቶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ሻይ አላቀበልኩትም። ሲጠብቅ ቆየና «ዛሬ ስኳር አለቀ እንዴ?» አለኝ።

«ስኳር አለ። ጠረጴዛው ላይ ነው» አልኩት።

«እና?»

«እናማ፣ የሚፈልግ ሰው መጥቶ ይውሰድ።»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ከዚያ እርምጃውን፣ ቤቱን ዞሮ ወደ በሩ ሲመጣ። በሩን እኔ ከፈትኩለት። ቦት ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስተካክሎ አቆመው፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው። እግሩን ሲያነሳ አየሁት። ወደ ታች ደፉን እያየ፣ እንዳይረግጠው ተጠንቅቆ ተሻገረና፣ ያን ረጅም ግንባሩን ከላይ ከጉበኑ ጋር አጋጨው!

ቤቱ ተናወጠ። ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ደሙ በአፍንጫው ይወርዳል፣ እኔ ደግሞ ሳቄ አልቆም ብሎኝ ፋሻው ከእጄ ሁለት ጊዜ ወደቀ። እሱም መሳቅ ጀመረ። በኋላ ሁለታችንም እንደማንስቅ ገባን፤ እዚያው ወለሉ ላይ ተደጋግፈን ቆየን።

በሴፕቴምበር መጨረሻ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደን እንፈራረማለን። ድግስ የለም፤ ሄርታ ግን ኬክ እጋግራለሁ ብላ ዝታለች፣ ስለዚህ ያንቺን ዳቦ ይዘሽ ብትመጪ ታድኚናለሽ። ሌላ የምለምንሽ ነገር የለም።

አሁን ይህን ስጽፍ ጭንቅላቱ በፋሻ ታስሮ ምድጃው ጎን ተቀምጦ ድንች ይልጣል። ሰላም በይልኝ ብሏል። ዙሪያውን እያየ «እንግዳ ነገር ነው» ይላል፣ «ከውጭ ሆኜ ሳየው እኮ ትልቅ ቤት ይመስለኝ ነበር።»

አክስትሽ ዜልማ